ፊትን ማንበብ፦ ልጆችና ማኅበራዊ መገናኛ

አንድ ልጅ የጓደኛውን ስሜት የሚረዳው ከሚሰማው ቃል ብቻ አይደለም። የቅንድብ መኮሳተር፣ የድምፅ መለወጥ፣ አንገት መድፋት ብዙ ይናገራሉ። ይህን «ንባብ» ልጆች የሚለማመዱት ፊት ለፊት ሲጫወቱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ነው። በማኅበራዊ መገናኛ በሚላክ የጽሑፍ መልእክት ውስጥ ግን ፊትም ድምፅም የለም። ታዲያ ብዙ ሰዓት በስክሪን ላይ የሚያሳልፍ ልጅ ይህ ችሎታው ይዳከም ይሆን?

በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የሆኑት ያልዳ ኡልስ፣ ፓትሪሺያ ግሪንፊልድና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ጥያቄ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። 51 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ስልክም ሆነ ቴሌቪዥን ወደማይፈቀድበት የተፈጥሮ ካምፕ ሄደው አምስት ቀናት ቆዩ። ሌሎች 54 ተማሪዎች ደግሞ የዘወትር ኑሯቸውን ቀጠሉ። ሁለቱም ቡድኖች በመጀመሪያና በመጨረሻ 48 የፊት ፎቶግራፎችን እያዩ ደስታን፣ ሐዘንን፣ ቁጣንና ፍርሃትን እንዲለዩ ተጠየቁ። ካምፕ የሄዱት ልጆች አማካይ ስሕተት ከ14 ወደ 9 ገደማ ወረደ። የቀሩትም አሻሽለዋል፤ ፈተናውን ለሁለተኛ ጊዜ መውሰዳቸው ራሱ ሊረዳቸው ስለሚችል ይህ አያስገርምም። የመሻሻላቸው መጠን ግን በጉልህ ያነሰ ነበር። ያለ ንጽጽር ቡድን ይህን ልዩነት ማየት ባልተቻለም ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «ስክሪን ልጆችን ያደነዝዛል» የሚል አንባቢ ግን ቸኩሏል። በካምፑ ውስጥ በአንድ ጊዜ የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ስክሪን ቀረ፣ ከእኩዮች ጋር አብሮ መዋልም በዛ። ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሙከራው ለይቶ አይነግረንም። ከዚህም ሌላ የተከለከለው ማኅበራዊ መገናኛ ብቻ ሳይሆን ስክሪን ሁሉ ነበር። ስክሪን ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ዋሽንግተን ያለች የልጅ ልጅ አዲስ አበባ ካሉት አያቷ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር ፊታቸውንም ታያለች፣ ድምፃቸውንም ትሰማለች፤ ይህን አጭር ጽሑፍ ከመላላክ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘን አስቸጋሪ ነው። በእኔ ግምት የጥናቱ አስደሳች ክፍል ሌላ ነው፤ ችሎታው በአምስት ቀን ውስጥ መሻሻል የሚችል ከሆነ፣ ተዳክሞ ቢሆን እንኳ ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው።

ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት ቢያንስ ሦስተኛ ቡድን ያስፈልጋል፦ ወደዚያው ካምፕ ሄደው፣ በዚያው ጨዋታ ተሳትፈው፣ ማታ ማታ ግን ስልካቸው የሚመለስላቸው ልጆች።