የበረሃ ፍልውሃ፦ ተረትና እውነታ

ፍልውሃ ማለት በምድር ውስጥ ሞቆ ወደ ላይ የሚወጣ ምንጭ ነው። ለኢትዮጵያውያን የሕመም ማስታገሻ ብቻ ሳይሆን የከተማ መነሻም ሆኗል፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በፊንፊኔ ፍልውሃ አጠገብ ቤት በማሠራታቸው ነበር። ይህ የፍልውሃ ፍቅር በእስራኤል፣ በቂርያት ማላኪ፣ በገደራና በያቭኔ ለሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያንም ከአገር ቤት አብሮ የመጣ በመሆኑ፣ ጠባቂም ሆነ የውሃ ምርመራ የሌለውን የበረሃ ፍልውሃ ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው ከሚነገረው ውስጥ እውነቱን መለየት ይኖርበታል።

ተረት፦ ሙቅ ውሃ ከወጣ ከሥሩ እሳተ ገሞራ አለ።

እውነታ፦ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ ዘንባባ የከበበው ጥርት ያለ ሰማያዊ ፍልውሃ የሚገኘው በእርግጥ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ብዙም ሳይርቅ ነው። ከቂርያት ማላኪ በስተደቡብ የሚገኘው የሐመይ ዮአቭ ሙቅ ውሃ ግን ነዳጅ ፍለጋ በተቆፈረ ጉድጓድ የተገኘ ነው፤ የምድር ሙቀት በየኪሎ ሜትሩ ጥልቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚጨምር፣ ወደ ጥልቁ የሰረገ ውሃ ያለ እሳተ ገሞራም ይሞቃል። የሙቀቱ መጠን በዓይን ስለማይታወቅና ምንጩ ከሚፈልቅበት ዓይን እስከ ኩሬው ዳር ድረስ ስለሚለያይ፣ እግር ከመግባቱ በፊት ውሃውን በቴርሞሜትር መለካት ተገቢ ነው።

ተረት፦ ውሃው ትኩስ ስለሆነ ጀርም የለበትም።

እውነታ፦ ጀርም የሚገድለው የፈላ ውሃ እንጂ ለገላ የሚመች ሙቀት አይደለም። ኔግሌሪያ ፋውለሪ የተባለው፣ በዓይን የማይታይ አሜባ እስከ 46 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ፣ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ውሃው ወደ አፍንጫ ሲገባ ወደ አንጎል ዘልቆ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ፣ ነገር ግን ከያዘ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ያስከትላል። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። በሽታው ውሃውን በመጠጣት ስለማይይዝ፣ ዋናው ጥንቃቄ ራስን ውሃ ውስጥ አለመድፈቅና ልጆችም እንዳይጠልቁ መጠበቅ ነው።

ተረት፦ ብዙ የተዘፈዘፈ ብዙ ይድናል።

እውነታ፦ ሙቀቱ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፤ ውሃው ሰውነትን ስለሚያንሳፍፍም የታመመ መገጣጠሚያ ሸክሙ ይቀልለታል። ይሁን እንጂ ሙቀት የደም ሥሮችን አስፍቶ የደም ግፊትን ስለሚያወርድ፣ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ብድግ ያለ ሰው ዓይኑ ጭልም ሊልበትና ሊወድቅ ይችላል፤ የበረሃው ድርቀት ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ቆይታው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን፣ የሚጠጣ ውሃ ቢያዝ፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመምተኞችም አስቀድመው ሐኪም ቢያማክሩ ይበጃል። ፍልውሃ የስኳርና የግፊት መድኃኒትን አይተካም።

ተረት፦ ብዙ ሰው የረገጠው መሬት አይከዳም።

እውነታ፦ በሙት ባሕር ዳርቻ የባሕሩ ከፍታ በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ሲወርድ፣ ጨዋማ ያልሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ከመሬት በታች ያለውን የጨው ንጣፍ ያሟሟዋል፤ ከሥሩ ባዶ የቀረው ላይኛው መሬትም ድንገት ተደርምሶ ጉድጓድ ይሆናል። በዕብራይስጥ ቦልዓን የሚባለው ይህ ጉድጓድ በሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ለዓመታት የፍልውሃ መታጠቢያ የነበረው ሚነራል የባሕር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2015 የተዘጋው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያስጠነቅቅ ምልክት ወይም አጥር ከታየ፣ ማዶ ላይ እንፋሎቱ ቢጣራም አልፎ መሄድ አይገባም።

ለአገር ቤቱ ፍልውሃ ያለው ክብር በእነዚህ እውነቶች አይቀንስም። አዛውንት ወላጆቹን ወደ ምንጭ የሚወስድ ልጅ ሁሉ ቴርሞሜትርና የሚጠጣ ውሃ ይያዝ፤ ብቻቸውንም ወደ ውሃው አይስደዳቸው።