«ቀዬ ማጥፋት»፦ ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ማብራሪያ

በጦርነት ጊዜ የሰላማዊ ሰዎችን መኖሪያ ሆን ብሎ በጅምላ ማውደም በውጭ አገር ጽሑፎች «ዶሚሳይድ» ይባላል። ቃሉ ቤት የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃልና ከ«መግደል» የተገጠመ ሲሆን፣ ፖርቲየስና ስሚዝ የተባሉ ምሁራን በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይበልጥ ታወቀ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤት መብት ልዩ ራፖርተር ድርጊቱ ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ወንጀል ሆኖ እንዲታወቅ ሐሳብ አቅርበዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለፅንሰ ሐሳቡ ተስማሚ የአማርኛ ስያሜ መሻት ነው።

ስያሜ ከመምረጥ በፊት ድርጊቱን በአገራችን ታሪክ ማየት ይገባል። በ1889 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ሠራዊት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ወደ ካፋ ዘመተ። የካፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሻሮቾ ደኑንና ጥልቅ ጉድቦቹን መከታ አድርገው ለወራት ከተከላከሉ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተማረኩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ማሳዎች ወደሙ፤ ከሕዝቡም ብዙው በባርነት ተነዳ። ከቦንጋ እምብዛም የማይርቀው የንጉሡ መቀመጫ አንድራቻም ከጥፋቱ አላመለጠም። በካፋ እንሰት የሚተከለው በቤት ዙሪያ ነው፤ ለምግብ እስኪደርስም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ቤቱን አቃጥሎ እንሰቱን የቆረጠ ሠራዊት የዛሬውን መጠለያ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹን ዓመታት ጉርስ ጭምር ያጠፋል።

ይህን የመሰለው ዘመቻ በአማርኛ የተጠራው «አገር ማቅናት» ተብሎ ነው። «አቀና» ማለት ጠማማውን ቀጥ አደረገ፣ ጠፉን አለማ ማለት ነው። ቃሉ የዘማቹን ሐሳብ ይገልጻል እንጂ ቤቱ የነደደበትን ሰው ዕጣ አይገልጽም። በካፋ የሆነው የቃሉ ተቃራኒ ነው፤ የለማው ጠፍ ሆነ። መዝገበ ቃላት ይህን አነጋገር ሲመዘግብ የማን አነጋገር እንደ ሆነም ሊያመለክት ይገባዋል።

ሌሎች አማራጮችም ተመዝነዋል። «ውድመት» ጎርፍና የምድር መንቀጥቀጥም ስለሚያደርሱት አድራጊውን አያሳይም። «ቤት ማፍረስ» በአንድ በኩል ትዳር መፍታትን፣ በሌላ በኩል በደንብ የሚፈጸም ፈረሳን ያስታውሳል። «ምዝበራ» በግዕዝ «መዝበረ» ማፍረስ ማለት ስለ ሆነ ተስማሚ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በዛሬው አማርኛ የመንግሥትን ገንዘብ መብላት ማለት ሆኗል።

ስለዚህ «ቀዬ ማጥፋት» ተመርጧል። «ቀዬ» ቤቱን፣ ጓሮውንና ጎረቤቱን አንድ ላይ ይይዛል፤ «ማጥፋት»ም «ዘር ማጥፋት» በሚለው በተለመደው ስያሜ ውስጥ የወንጀልነት ትርጉም ይዟል። «ቀዬ» የገጠር ቃል ነው፣ ለከተማ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው በቤንዚን ሲያቃጥሉ፣ የጠፋው ቤት ብቻ ሳይሆን የሰፈሩ ኑሮ በሙሉ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ ባቀረበው የካሣ ጥያቄ በወረራው ዘመን የጠፉ 525,000 ቤቶችን ቆጥሯል። ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ቤትን የሚያየው ዋጋው እንደሚተመን ንብረት ነው፤ «ቀዬ» ግን ከንብረት በላይ የሆነውን ይጨምራል።

ለመዝገበ ቃላት የቀረበው ፍቺ የሚከተለው ነው፦

ቀዬ ማጥፋት (ስም)፦ በጦርነት ወይም በግጭት ጊዜ የሰላማዊ ሕዝብን መኖሪያ፣ ከመኖሪያው የማይለየውን መተዳደሪያ ጨምሮ፣ ሆን ብሎና በጅምላ በማቃጠል፣ በማፍረስ ወይም በመደብደብ ሰው የማይኖርበት ማድረግ።

ማብራሪያ፦ (ሀ) በውጊያ መካከል በስሕተት የሚደርስ ጉዳት በዚህ ስያሜ አይጠራም። (ለ) የ1949 እ.ኤ.አ. አራተኛው የጄኔቭ ስምምነት፣ አንቀጽ 53፣ ወራሪ ኃይል በያዘው አገር ንብረት እንዳያወድም ሲከለክል፣ ውጊያው ፍጹም ግድ የሚልበትን ሁኔታ ብቻ ይለያል፤ ስለዚህ «ሕዝቡን ለማስገበር ጠቅሞኛል» ማለት ድርጊቱን ከስያሜው አያወጣውም። (ሐ) ስያሜው አድራጊው የውጭ ወራሪ ይሁን የገዛ አገር ሠራዊት አይለይም፤ የአዲስ አበባውም የካፋውም እሳት በአንድ ቃል ይጠራል።

አቻ የካፍኛ ቃል ግን በትርጉም ሊፈጠር አይገባውም፤ ከቦንጋና ከአካባቢዋ ሽማግሌዎች አንደበት ተሰብስቦ በአጠገቡ ሊመዘገብ ይገባል።