የወጥ ቤት ዕቃ ለመሸጥ ጎረቤት ቡና ስትጠሪ



በሰይሃት፣ በደማምና በኾባር ያላችሁ እህቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «አገሬ ስገባ ጎረቤት ቡና ጠርቼ የወጥ ቤት ዕቃ ባሳያቸው ይገዙኛል?» አዎ፣ ይገዙሻል። ነገር ግን ዝግጅቱ የሚጀምረው ቡናው ከመቆላቱ ብዙ ቀደም ብሎ፣ ገና ሰይሃት ሳለሽ ነው። እኔም እዚያው በቤት ሠራተኝነት ስለኖርኩ፣ አሁን ደግሞ ከስደት የተመለሱ እህቶችን ስለማማክር፣ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ሽያጩ አገር ቤት ይሁን

«ለምን እስክመለስ እጠብቃለሁ? በእረፍት ቀኔ እዚሁ ለእህቶቼ ልሽጥ» የምትይ ካለሽ ቆም በይ። የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ሠራተኛ ለራሷ ጥቅም ሌላ ሥራ እንዳትሠራ ይከለክላል። ብትያዢ የምታጪው ዕቃውን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ሥራሽና ኢቃማሽም አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ እዚያ ሳለሽ ዓይንሽ ይማር፣ ደመወዝሽ ይጠራቀም።

ሰይሃት ሳለሽ የምታዘጋጂው

በማዳም ወጥ ቤት የትኛው ዕቃ ሥራሽን እንደሚያቀልልሽ አስተውዪ። ከዚያ ራስሽን ጠይቂ፦ ይህ በእናቴ ወጥ ቤት ይጠቅማል? መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ቢበላሽ የሚጠግነው አለ? ለምሳሌ በገመድ እየተሳበ የሚሠራ የሽንኩርት መክተፊያ መብራት አይፈልግም፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ብዙ ሽንኩርት አይሆንም። ውድ የኬክ መምቻ ግን ሰፈርሽ ውስጥ ስንት ሰው ይገዛሻል?

በመብራት የሚሠራ ዕቃ ከሆነ ጀርባውን አንብቢ። በሳውዲ ቤቶች ለብዙ ዓመታት 127 ቮልት ይሠራበት ስለነበር ለዚያ ብቻ የተሠሩ ዕቃዎች አሉ። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በላዩ ላይ 110 ወይም 127 ብቻ የተጻፈበትን ዕቃ አገር ቤት ብትሰኪው ይቃጠላል።

ሻንጣሽን በዕቃ አትሙዪ። በደማም ሱቅ አልሁብ ወይም በሁለት ሪያል ሱቆች የምታዪው ብዙ ዕቃ የቻይና ሥራ ነው፤ ተመሳሳዩ መርካቶም ይገኛል። ለናሙና አንድ አንድ ብቻ ያዢ። የገዛሽበትን ፋቱራ አትጣዪ። ማዳም በስጦታ የሰጠችሽ ዕቃ ካለም ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት እንድታረጋግጥልሽ ለምኛት፤ በመውጫሽ ቀን ክርክር እንዳይነሳብሽ።

ለምን በቤት ውስጥ?

በአሜሪካ ኧርል ታፐር የሚባል ሰው ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ሳህን ሠርቶ ነበር፤ በሱቅ ግን ብዙም አልተሸጠለትም። ሰዎች ክዳኑ እንዴት እንደሚገጠም አያውቁም ነበርና። ብራውኒ ዋይዝ የምትባል፣ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ ሴቶችን ቤት ውስጥ እየሰበሰበች ስታሳይ ግን ዕቃው ተፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1951 ድርጅቱ ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በቤት ውስጥ ብቻ መሸጥ ጀመረ። ገዢዋ ሲሠራ አይታ፣ በእጇም ሞክራ ስትወስድ ታምናለች። እኛም ሰው የምንሰበስብበት ቡና አለን።

የመጀመሪያው ቀን

ከስምንት እስከ አሥር ሴቶች ይበቃሉ። ስትጠሪያቸው «ቡና ጠጡ፣ የምሸጠውንም ዕቃ እዩልኝ» ብለሽ በግልጽ ንገሪ። ዕቃውን ሳይጠብቁ ቢያዩት ተታለልን ይላሉ።

ከስድስት ዓይነት በላይ አታቅርቢ፤ ሲበዛ መምረጥ ያቅታቸዋል። ሽንኩርቱን ፊታቸው ክተፊ፣ ከዚያ መክተፊያውን ለእነሱ ስጪ። ስለታም ከሆነ ልጆች እንዳይነኩት ንገሪ። ጉድለቱንም አትደብቂ፤ ጎረቤት ነገም ጎረቤት ነው።

ዋጋውን ቀድመሽ አስቢ፣ በወረቀትም ጻፊ። ለምሳሌ መክተፊያውን በ400 ብር ገዛሽ እንበል። ለመጓጓዣ 30፣ ለቡናና ለዳቦ 20 ብር ቢደርስበት፣ ዋጋው 450 ሆነ። በ450 ብትሸጪ በነፃ ሠራሽ። በ540 ብትሸጪ 90 ብር አተረፍሽ። የራስሽን ወጪ ሳታውቂ «ስንት ልበልሽ?» ውስጥ አትግቢ።

ሁለት ፈተናዎች

የመጀመሪያው ስጦታ ነው። ከዓረብ አገር ለመጣች ሴት ዘመድ ሁሉ እጁን ይዘረጋል፤ የዘመድ ዓይን ከዕቃሽ ላይ ሲያርፍ እምቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ለእናትሽ፣ ለእህትሽ፣ ለአክስትሽ የምትሰጪውን ለይተሽ ቀድመሽ ስጪ። የሚሸጠውን ለብቻ አስቀምጪ፤ «ይህ የልጄ ትምህርት ነው» በይ።

ሁለተኛው ዱቤ ነው። ሙሉ በሙሉ እምቢ ማለት ካልቻልሽ ግማሹን ተቀበይ፤ ስሟን፣ ቀሪውንና የምትከፍልበትን ቀን እሷ ፊት በደብተር ጻፊ። የመጀመሪያው ዱቤ ሳይከፈል ሁለተኛ አትስጪ።

ያጠራቀምሽውን ሁሉ ለመጀመሪያው ቡና አታውጪ። ቢከስር የማያስርብሽን ያህል ብቻ መድቢ። ሥራው እየቀጠለ ሲሄድ በወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃድ ጠይቂ።

ከዚህ ሽሺ

«መመዝገቢያ ክፈዪ፣ ሰው አስገቢ፣ ያስገባሻቸው ሲከፍሉ አንቺ ታገኛለሽ» የሚልሽ ቢመጣ ይህ ንግድ አይደለም። ገንዘቡ የሚመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከኋላሽ ከሚገቡት እህቶችሽ ኪስ ነው፤ የሚገባ ሲጠፋ የመጨረሻዎቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል።

በሐዋርያት ሥራ የምናገኛት ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ እነጳውሎስን በቤቷ የተቀበለችም እሷ ናት። መነገድና ቤትን ለሰው መክፈት አብረው ይሄዳሉ፤ ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ።

ዛሬ ማታ ሥራሽን ስትጨርሺ አንድ ደብተር ክፈቺ። በአንድ ገጽ ሥራ ያቀለሉልሽን ዕቃዎች፣ በሌላው ገጽ በየወሩ የምታስቀምጪውን ገንዘብ ጻፊ። እግዚአብሔር በሰላም ለቤትሽ ያብቃሽ።