የስድስት ወንዶች ልጆች እናትና የቤኔሊ ሞተር ሳይክል

አባወራ ሲሞት፣ ለቅሶኛው ተሸኝቶ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ፣ ለእናት የሚቀረው ከባድ ጥያቄ "እነዚህ ልጆች ምን ሠርተው ይኖራሉ?" የሚለው ነው። ያለችውን ጥሪት እየቆነጠረች ብታበላቸው አንድ ቀን ያልቃል። አካፍላ ብትሰጣቸው ይበተናሉ። ዛሬ የማወጋችሁ ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ስለገጠማቸው አንዲት ጣሊያናዊት መበለትና ስለ ስድስት ወንዶች ልጆቻቸው ነው።

"ነርስና ሞተር ሳይክል ምን አገናኛቸው?" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሞተር ሳይክልን የማውቀው በድንገተኛ ክፍል አልጋ በኩል ነበር። ስለዚህም ወድጄው አላውቅም። የልጅ ልጄ "ቤኔሊ" የሚሉትን ሞተር ሳይክል ካልገዛችሁልኝ ብሎ ቤቱን ሲያውክ ግን፣ ይህ ቤኔሊ የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። የማሽን ታሪክ አገኛለሁ ብዬ ስጠብቅ ያገኘሁት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሆነ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እናት የከፈቱት ጋራዥ

ፔዛሮ በጣሊያን ምሥራቃዊ ክፍል፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ወይዘሮ ቴሬዛ ቤኔሊ ባለቤታቸው ሞተውባቸው ስድስት ወንዶች ልጆች ይዘው ቀሩ፤ ጁሴፔ፣ ጆቫኒ፣ ፍራንቼስኮ፣ ፊሊፖ፣ ዶሜኒኮ፣ እንዲሁም የሁሉም ታናሽ የሆነው አንቶኒዮ። አንቶኒዮን ሁሉም "ቶኒኖ" እያለ ይጠራው ነበር።

በ1911 ወይዘሮዋ የቤተሰቡን ገንዘብ አውጥተው ለልጆቻቸው የብስክሌትና የመኪና መጠገኛ ጋራዥ ከፈቱላቸው። ጁሴፔንና ጆቫኒን ደግሞ ሙያውን በትምህርት እንዲያጠናክሩ ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው። በዚያ ዘመን መኪና የጥቂት ሀብታሞች ንብረት ነበር። ገንዘብ ያላት መበለት መሬት ወይም ቤት ገዝታ ኪራዩን እየበላች ልትኖር ትችል ነበር። ወይዘሮ ቴሬዛ ግን ገንዘቡን ወደ ልጆቻቸው እጅ ሙያ ቀየሩት። ጋራዥ ደግሞ ብዙ እጅ የሚፈልግ ቤት ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቶርኖ ላይ የሚቆም፣ ዕቃ የሚገጣጥም፣ ደንበኛ የሚያነጋግር፣ ሂሳብ የሚይዝ ሰው ያስፈልገዋል። ስድስቱም ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር እንጀራ ሊበሉበት ይችላሉ።

ቶርኖ ካልኩ አይቀር፣ የእኛም መካኒኮች ብዙውን ቃል የወረሱት ከጣሊያኖች ነው። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ሁሉ ጣሊያንኛ ናቸው። የወይዘሮ ቴሬዛ ልጆችም በጋራዣቸው የሚጠራሩባቸው የዕቃ ስሞች እነዚሁ ነበሩ።

ወንድማማቾቹ መጀመሪያ የሰው ዕቃ ይጠግኑ ነበር፤ ቀስ በቀስም መለዋወጫ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1920 ገደማ፣ 75 ሲሲ የሆነ ትንሽ ሞተር ሠርተው በብስክሌት ላይ ገጠሙት። ሲሲው እኛ ነርሶች በመርፌ የምንለካው ያው ሲሲ ነው፤ ፒስተኑ ሲመላለስ የሚሸፍነውን ቦታ ይለካል። 75 ሲሲ እንግዲህ አንድ የቡና ሲኒ ያህል ቢሆን ነው። በ1921 ደግሞ 98 ሲሲ የሆነው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክላቸው ከጋራዡ ወጣ። እናት ጋራዡን ከከፈቱ 10 ዓመት ሆኖ ነበር።

ታናሹ ልጅ

ቶኒኖ ከወንድሞቹ ጋር መሥራቱን ትቶ አልሄደም፤ ነገር ግን ፍጥነት ይወድ ነበር። ታላቁ ጁሴፔ የነደፈውን 175 ሲሲ ሞተር ሳይክል ታናሹ ቶኒኖ እየጋለበ በ1927፣ በ1928፣ በ1930 እና በ1931 የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ መሆኑ ነው። የእናት ጋራዥ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1930ዎቹ ቤኔሊ ከጣሊያን አምስት ታላላቅ ሞተር ሳይክል አምራቾች አንዱ ተብሎ ይቆጠር ነበር።

በ1932 ቶኒኖ ክፉኛ ወደቀ፤ የውድድር ዘመኑም በዚያው አበቃ። በ1937 ደግሞ መንገድ ላይ በደረሰ አደጋ ሞተ። ያን ሁሉ ውድድር ያለፈው ልጅ የተቀጠፈው በተራ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ሳነብ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው ወጣቶች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። በቶኒኖ ዘመን ተወዳዳሪዎች የሚደፉት የቆዳ ቆብ ከነፋስ እንጂ ከአስፋልት አያድንም። በ1941 ሂዩ ኬርንስ የተባሉ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሐኪም በሞተር ሳይክል ነጂዎች የጭንቅላት ጉዳት ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙና ጠንካራው ሄልሜት ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳዩ። ዛሬ ያ እውቀት በእጃችን እያለ ልጆቻችን ሄልሜቱን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ሲነዱ አያለሁ። ወላጆች፣ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ገንዘብ ካላችሁ የጥሩ ሄልሜት ዋጋ ከዚያው ላይ ይቀነስ። ማሰሪያው አገጭ ሥር ካልተቆለፈም እንዳልተደፋ ቁጠሩት፤ ሰውየው መሬት ከመድረሱ በፊት ከራሱ ላይ ይበራል።

ጦርነት ያላፈረሰው ቤት

ቤተሰቡ ከሐዘኑ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1939 እንግሊዛዊው ቴድ ሜለርስ በማን ደሴት በሚካሄደው ዝነኛ ውድድር በቤኔሊ 250 ሲሲ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ። ፋብሪካው በቦምብ ተደበደበ፤ ከጥፋት የተረፈውን ማሽን ደግሞ ጀርመኖች ጭነው ወሰዱት። ጦርነቱ ሲያበቃ ወንድማማቾቹ ከፍርስራሽ መካከል ተነሱ። ወታደሮች ጥለዋቸው የሄዱትን ሞተር ሳይክሎች እየጠገኑ ለሲቪል አገልግሎት በመሸጥ ሥራቸውን እንደገና ጀመሩ።

ሁሉንም ነገር ሲያጡ አብረው የቆሙት ወንድማማቾች ቤቱ እንደገና ሲቆም ግን መስማማት አቃታቸው። በ1949 ታላቁ ጁሴፔ ከወንድሞቹ ተለይቶ ወጣ። እዚያው ፔዛሮ ውስጥም ሞቶቢ የተባለ የራሱን ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ከፈተ። የሞቶቢ ሞተር እንቁላል የመሰለ ቅርጽ ስለነበረው ከሩቅ ይለያል። እንግዲህ በአንዲት ከተማ የአንዲት እናት ልጆች በሁለት ፋብሪካ ለአንድ ገበያ ይሽቀዳደሙ ጀመር።

ሥራው አልቆመም። በ1950 ዳሪዮ አምብሮዚኒ በቤኔሊ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በማግስቱ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ በልምምድ ላይ ሳለ ሞተ። በ1951 "ሊዮንቺኖ"፣ ማለትም "ትንሹ አንበሳ"፣ የተባለችው ቀላል ሞተር ሳይክል ወጥታ በብዙ ሰው ተወደደች።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። ቬስፓ በ1946፣ ላምብሬታ በ1947 ገበያ ገብተው ስኩተር የብዙው ሕዝብ መጓጓዣ ሆኖ ነበር። በ1955 ፊያት 600፣ በ1957 ፊያት 500 ሲመጡ ደግሞ ሞተር ሳይክል ይገዛ የነበረው አባወራ ልጆቹን በትንሽ መኪና መጫን ጀመረ። ሁለቱ ፋብሪካዎች እንደገና የተዋሐዱት በ1962 ነው። ጁሴፔ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ የሞቶቢን ሥራ የያዙት ልጆቹ ነበሩ። መለያየቱ 13 ዓመት ቆየ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ገበያውን አጥለቀለቁት። በ1969 አውስትራሊያዊው ኬል ካራዘርስ በቤኔሊ የዓለም ሻምፒዮን ቢሆንም ዋንጫው ኪሳራውን አልሸፈነም። በ1971፣ ጋራዡ በተከፈተ በ60 ዓመቱ፣ ቤኔሊ ለአርጀንቲና ተወላጁ ነጋዴ ለአሌሃንድሮ ዴ ቶማሶ ተሸጠ።

ገና በፍቅር ሳሉ

ድርጅቱን የጣለው የወንድማማቾች ጠብ ብቻ ነው አልልም። ጃፓኖቹ ከቤኔሊ የሚበልጡትንም አንበርክከዋል። ነገር ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ተከፋፍሎ መገኘት ምን እንደሚያስከፍል ሁላችንም እናውቃለን። በሥራ ዘመኔ የታመመ አባታቸው አልጋ አጠገብ ቆመው ስለ ቤት ካርታ የሚከራከሩ ልጆች አይቻለሁ። አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል፤ የልብ ምቱን ስለካ ግን እየሰማ መሆኑን አውቅ ነበር።

ወይዘሮ ቴሬዛ "ልጆቼ ምን ሠርተው ይኖራሉ?" ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ሰጥተዋል። ብዙ ወላጅ ይህን ያህል አይሳካለትም። "መለያየት ቢመጣ እንዴት ይለያያሉ?" የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ገና በፍቅር ሳሉ ማንሳት ያስፈልጋል። ልጆቻችሁን በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ወይም በአንድ መኪና ላይ ስታሰባስቡ፣ የእያንዳንዱን ድርሻ ጻፉት። አንዱ "ይብቃኝ" ቢል ድርሻው በምን እንደሚሰላ፣ ባይስማሙ የማንን ሽምግልና እንደሚቀበሉ አብራችሁ ወስኑ። "በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ወረቀቱ የሚጠቅመው ግን ወንድማማችነቱን ለማትረፍ ነው።

ስሙ የት ደረሰ?

ዴ ቶማሶ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ቤኔሊ 750 አስወጥተው ዓለምን አስደነቁ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ ስኩተርም ሲያመርት ቆይቶ፣ በ2005 ቺያንጂያንግ የተባለ የቻይና ኩባንያ ገዛው። ሊዮንቺኖ የሚለውም ስም በአዳዲስ ሞተር ሳይክሎች ላይ ተመልሷል። ዛሬ የልጅ ልጆቻችን የሚመኙት ቤኔሊ ስሙ የወይዘሮ ቴሬዛ ቤተሰብ፣ ባለቤቱ ግን ሌላ ነው።

ፔዛሮ ውስጥ ከድሮው ፋብሪካ በቀረው ሕንፃ ሙዚየም ተከፍቷል። በከተማዋ ያለው የሞተር ሳይክል ክበብም በታናሹ ልጅ በቶኒኖ ስም ይጠራል። ሙዚየሙ ውስጥ ወንድሞቹ የሠሯቸው ቤኔሊዎችና ጁሴፔ ተለይቶ የሠራቸው ሞቶቢዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ።