ለሰው ሠራሽ ወኪል ስለሚጻፍ የሰነድ መሣሪያ መግለጫ

ባለፈው ዓመት የክበባችን አባላት ለዚህ መጽሔት የተላኩትን ድርሰቶች ሁሉ በአንድ ኮምፒዩተር ሰብስበን ነበር። ድርሰቶቹም ስለ በዙ፥ ፍለጋውንና ድልደላውን የሚያከናውንልን ሰው ሠራሽ ወኪል አዘጋጀን። ከሥራው ለእኔ የደረሰኝ መግለጫ መጻፍ ነበር። ነገሩ ቀላል መስሎኝ በአንድ ምሽት ጨረስሁት፤ ያስከተለውንም ጉዳት ወደ ኋላ እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን መግለጫ ማለት ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ ወላጆቻችንና ጓደኞቻችን ላስረዳ።

ወኪል የሚባለው ጥያቄ ከመመለስ አልፎ ሥራ እንዲሠራ መሣሪያ የተሰጠው የቋንቋ ሞዴል ነው። መሣሪያ ስልም መዶሻና መጋዝ ማለቴ አይደለም፤ «ሰነድ ፈልግ»፥ «ሰነድ ክፈት»፥ «ሰነድ አዛውር» የሚባሉ አጫጭር ፕሮግራሞች ናቸው። ሞዴሉ የፕሮግራሞቹን ውስጥ አያይም። የሚቀርቡለት የመሣሪያው ስም፥ በሰው ቋንቋ የተጻፈው መግለጫና መሣሪያው የሚቀበላቸው ነገሮች ዝርዝር ናቸው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. ያወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተሰኘው ደንብም መሣሪያዎችን ለሞዴል የሚያስተዋውቀው በእነዚሁ ነው። እንግዲህ ወኪሉ የትኛውን መሣሪያ መቼ እንደሚያነሣ የሚመርጠው እኛ በጻፍንለት ቃል ተመርቶ ነው።

አንድ አዲስ ጸሐፊ በመዝገብ ቤት ቢቀጠር፥ ግራ የገባውን ነገር አጠገቡ የተቀመጠውን ነባር ሠራተኛ ይጠይቃል፤ መደርደሪያውንም አይቶ ብዙ ነገር ይረዳል። ወኪሉ ግን መደርደሪያ አያይም። መግለጫው ሲጎድልበትም ብዙ ጊዜ መጠየቁን ትቶ ይገምታል። ግምቱም አንዳንድ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው የሚያዘናጋው።

በእኛ አገር ሰነድ ላይ ግምት የሚያሳስትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዘመን ነው። እኔ በመጀመሪያ «በዓመት ይፈልጋል» ብዬ ብቻ ጽፌ ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዱ ፋይል የተቀመጠበትን ቀን የያዘው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስለዚህ የ2016 ዓ.ም. ድርሰቶችን አምጣ ሲባል ወኪሉ 2016 የሚለውን ቍጥር እንዳለ ሰጠና ባዶ እጁን ተመለሰ፤ እኛ የፈለግነው በእነርሱ አቈጣጠር ከመስከረም 2023 እስከ መስከረም 2024 ያለውን ነበር። ባዶ እጁን መመለሱም በጀ፤ የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ይዞ ቢመጣ ኖሮ ማን ያስተውል ነበር?

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደላችን ነው። ለእኛ ለአንባቢዎች «ፀሐይ»ም «ጸሀይ»ም አንድ ቃል ነው። ለኮምፒዩተር ግን ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቍጥር ስለ ሰጠው የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአማርኛ መምህራችን ይህን ስነግራቸው ሥቀው፥ «እኔ ስለ አጻጻፍ ስጮህ የኖርሁት በከንቱ አልነበረማ!» አሉኝ። እኔም መግለጫውን እንዲህ አሻሻልሁት፤ «ይህ መሣሪያ ፊደልን እንዳለ ያነጻጽራል። በአንድ አጻጻፍ ካላገኘህ በሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ በሰና ሠ፤ በአና ዐ፤ በጸና ፀ እየለዋወጥህ ሞክር። ይህን ሁሉ ሳትሞክር ሰነዱ የለም አትበል።»

አሁን ወደ ጉዳቱ ልመለስ። ከመሣሪያዎቹ አንዱ «አስወግድ» ይባል ነበር፤ መግለጫውም «ሰነድ ያስወግዳል» የሚል ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ማስወገድ ማለት ከዝርዝር ማውጣት ይሁን ወይም ፈጽሞ መደምሰስ አልተናገርሁም። አንድ ቀን ወኪሉን፥ ተደጋግመው የገቡትን ድርሰቶች አጽዳ አልነው። «የአያቴ ታሪክ» የሚል ርእስ ያላቸው ሁለት ድርሰቶች ነበሩ፤ ወኪሉም አንዱን ደመሰሰ። ነገር ግን የተጻፉት በሁለት ተማሪዎች ነበር። የጠፋባት ልጅ አያቷ የነገሯትን በቀጥታ በኮምፒዩተሩ ጽፋ ሌላ ቅጂ አላስቀረችም። አያቷም ድርሰቱ ከተጻፈ በኋላ አርፈዋል።

ጥፋቱን በወኪሉ ላይ ያላከኩ ጓደኞች ነበሩ ለማለት ያስቸግራል። እኔ ግን የጻፍሁትን ደግሜ ሳነበው፥ ከዚያች መግለጫ ሌላ ነገር ሊረዳ የሚችልበትን መንገድ አላገኘሁም። ስለዚህ መሣሪያውን ለሁለት ከፈልነው። «ወደ ማኅደር ላክ» የሚለው መግለጫ ሰነዱ ከዝርዝር ቢወጣም እንደማይጠፋና ሊመለስ እንደሚችል ይናገራል። «ደምስስ» የሚለው ደግሞ የተደመሰሰ እንደማይመለስ፥ ለማጽዳት ሥራ እንዳይጠቀሙበት፥ ሰነዱም በመለያ ቍጥሩ እንጂ በርእሱ እንዳይጠራ ያዛል። እርግጥ መግለጫ ቍልፍ አይደለም፤ ሞዴል ተነግሮትም ሊስት ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ካልፈቀደ በቀር ፕሮግራሙ ራሱ እንዳይደመስስ አደረግን።

ከዚያ ወዲህ በፍርሃት መግለጫዎቹን ሁሉ ማርዘም ጀምሬ ነበር፤ ይህም ሌላ ስሕተት ሆነ። ወኪሉ ሥራ በጀመረ ቍጥር መግለጫዎቹን ሁሉ ይዞ ስለሚነሣ፥ ዋናው ነገር በሐተታ መካከል ተሸሸገበት። አሁን መሣሪያው የሚሠራውን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ከዚያ መቼ እንደማያገለግልና ምን ይዞ እንደሚመለስ አስከትላለሁ፤ የቀረውን እሰርዛለሁ።

ልጅቱ ድርሰቷን ያስታወሰችውን ያህል እንደገና ስትጽፍ፥ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አዲሱን መግለጫ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፥ «ርእሳቸው አንድ ሆኖ ጸሐፊዎቹ ቢለያዩስ? እሱን የት ጻፍኸው?» አለችኝ። አልጻፍሁትም ነበር። «ሁለት ሰነዶች አንድ ናቸው የሚባሉት የጸሐፊው ስምና ጽሑፉ ሲመሳሰል እንጂ በርእስ ብቻ አይደለም» የሚለውን ቃል በዚያው ሰዓት ጨመርሁ።