ጀልባው ከመነሳቱ በፊት

ውጭ አገር ልጅ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ የምሥራች የሚመጣው በስልክ ነው። መጀመሪያ «ሥራ አገኘሁ» ይባላል፤ ቀጥሎ «መኪና ገዛሁ»፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ «ቤት ገዛን»። እኛም እዚህ ሆነን እልል እንላለን። የኔ ልጅ ግን ባለፈው ዓመት «እማዬ፣ ጀልባ ገዛን» አለችኝ። ለዚህ እልል ልበል ወይስ ስለት ልሳል፣ ግራ ገባኝ።

የፈራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጄም ባለቤቷም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። እሷ ዋና አልተማረችም። እሱ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ላንጋኖ ሄዶ ከዳር ሲንቦጫረቅ ከመዋል ያለፈ የውሃ ታሪክ የለውም። አሁን የ12 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ይዘው ከባሕር ሊገቡ ነው። በእኛ ክረምት፣ በእነሱ በጋ፣ ልጠይቃቸው ሄጄ ሁለት ወር አብሬያቸው ከረምኩ። ባየሁት ነገር ከአንባቢያን ጋር ለመነጋገር የፈለግሁት፣ ውሃን የማያውቅ ወላጅ ልጁን ጀልባ ላይ ሲያወጣ የሚጠብቀው ድፍረቱ ሳይሆን ደንብ ማክበሩ መሆኑን እዚያ ስላየሁ ነው።

ውሃው

ልጆቼ የሚኖሩት ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የተያያዘ፣ የአገራችን ሰው በብዛት የሚኖርበት ከተማ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል ከተነዳ ቼሳፒክ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሰሜንና ከምዕራብ ወንዞች ይገቡበታል፣ ከደቡብ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ጨው ይገባበታል። አማካይ ጥልቀቱ ከ6 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ስሰማ «እንግዲያውስ ምንም አይል» ብዬ ነበር። አማቼ ግን ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ እንደሚናወጥ ነገረኝ። ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅና ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ቤት መጀመሪያ የሚታየው ስንቅ ሳይሆን የአየር ትንበያ ነው። አንድ ቅዳሜ ጀልባው መኪናው ላይ ታስሮ፣ ሳንድዊቹ ተጠቅልሎ፣ ልጆቹ ኮፍያቸውን አድርገው ሳለ ትንበያው ተለወጠ። አማቼ ያለ ብዙ ወሬ ጀልባውን ከመኪናው ፈታ። ትንሹ አለቀሰ። አባትየው «ውሃው የትም አይሄድም» ብሎት ወደ መናፈሻ ወሰዳቸው። ከሰዓት በኋላ የወረደው ዝናብ የኛን የነሐሴ ዝናብ የሚያስንቅ ነበር።

ጀልባ መግዛትና ጀልባ ማኖር

ጀልባው ርዝመቱ 6 ሜትር የሚሆን፣ ክፍት፣ ከኋላው ሞተር የተንጠለጠለበት ያገለገለ ጀልባ ነው። የገዙት ከአንድ ጓደኛቸው ቤተሰብ ጋር ግማሽ በግማሽ ነው። ቅዳሜን በተራ ይወስዳሉ፤ ወጪውን በደብተር ይዘው በየወሩ ይተሳሰባሉ። ዕቁብ የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም።

ደብተሩን አየሁት። ሜሪላንድ ውስጥ ጀልባ የገዛ ሰው ከዋጋው 5 በመቶ ለግዛቱ ይከፍላል። ከዚያ ምዝገባ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ተጎታቹ አለ፣ ጀልባው ወደ ውሃ የሚወርድበት ቦታ ክፍያ አለ፣ ቤንዚን አለ። ክረምታቸው ሲገባ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ እንዳይሰነጥቀው ለባለሙያ ተከፍሎ ይዘጋጃል። ጀልባውን ዓመቱን ሙሉ ውሃ ላይ ማቆየት የፈለገ ሰው ደግሞ የማቆሚያ ኪራይ ይጨመርበታል። በዚያ አገር «ባለ ጀልባ ሁለት የደስታ ቀን አለው፤ የገዛበትና የሸጠበት» እያሉ የሚቀልዱት ወደው አይደለም። ልጃችሁ ጀልባ ልግዛ ካላችሁ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁት፤ «በዓመት ምን ያህል ይበላል?» በሉት።

ከሁሉ በፊት ጃኬቱ

የመጀመሪያው ቀን ገና እግሬን ሳላነሳ አማቼ «እማማ፣ መጀመሪያ ይህን ይልበሱ» ብሎ ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ጃኬት ሰጠኝ። «ሙቀቱን አታይም?» አልኩት። «እርስዎ ካልለበሱ ልጆቹን ማስለበስ አልችልም» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ለበስኩት።

ሕጉ ግልጽ ነው። በሜሪላንድ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ርዝመቱ ከ6 ሜትር ተኩል በታች በሆነ የመዝናኛ ጀልባ ላይ ሲጓዝ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው። አጠገቡ ማስቀመጥ አይበቃም። ለአዋቂ ግን በልኩ የሆነ ጃኬት ጀልባው ውስጥ መኖሩ በቂ ነው። የሚሞተው ታዲያ በዚህ ክፍተት ነው። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2023 በመዝናኛ ጀልባ አደጋ 564 ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። ምክንያቱ ከታወቀው ሞት ከመቶ 75ቱ መስጠም ነው። ከሰጠሙት መካከል ከመቶ 87ቱ ጃኬት አልለበሱም ነበር።

«ዋና እችላለሁ» የሚል ሰው ይኖራል። ነገር ግን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ በኃይል አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ ዋናው አያድነውም። በቼሳፒክ በጸደይ ወቅት አየሩ ሞቆ ውሃው ገና በረዶ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ጃኬቱ በዚያች የመጀመሪያ ደቂቃ ጭንቅላትን ከውሃ በላይ ይይዛል።

የልጅ ጃኬት በዕድሜ ሳይሆን በክብደት ነው የሚገዛው። ከ14 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን፣ ከ14 እስከ 23 ኪሎ፣ ከ23 እስከ 41 ኪሎ እየተባለ ይከፈላል። «ያድግበታል» ተብሎ ሰፊ መግዛት እንደ ጫማ አይደለም፤ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጃኬቱን አስለብሳችሁ፣ ሁሉንም ማሰሪያ ቆልፋችሁ፣ በትከሻው በኩል ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። አገጩና ጆሮው በጃኬቱ ውስጥ ከሰመጠ ሰፍቶታል። ለሕፃናት ደግሞ በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ጭንቅላትን የሚደግፍ ትራስ ያለው ይመረጣል።

ከጃኬቱ ሌላ ሦስት ነገሮች አስደስተውኛል። አንደኛው የነጂው ገመድ ነው። ከልብሱ ጋር ይያያዛል፤ ነጂው ከወደቀ ገመዱ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጀልባውም ዞሮ አይመታውም። ይህ መቁረጫ ላላቸው ትናንሽ ጀልባዎች ገመዱን ማሰር ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ግዴታ ሆኗል። ሁለተኛው ስንት ሰውና ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ጀልባው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። «ተጠጋጉ፣ አንድ ሰው ይጨመር» የሚባል የታክሲ ነገር እዚያ አይሠራም። ሦስተኛው ትምህርቱ ነው። በሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የደኅንነት ትምህርት ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። ልጄም ወስዳለች። «እሱ ቢታመም ወይም ቢወድቅ ማን ይመልሰናል?» ነው ምክንያቷ። በ38 ዓመቷም ከሕፃናት ጋር ገንዳ ገብታ ዋና እየተማረች ነው። ቢራውን በተመለከተ፣ ጠጥቶ ጀልባ መንዳት እንደ መኪናው ሁሉ ያስቀጣል፤ ስለዚህ መጠጡ ቤት ነው የሚጠብቀው።

ዓሣውም ደንብ አለው

ወደ ዋናው ደስታ ልምጣ። ቼሳፒክ ላይ ሁሉም የሚመኘው ዓሣ ስትራይፕድ ባስ ይባላል፤ የሜሪላንድ ሰዎች ሮክፊሽ ይሉታል። ጎኑ ላይ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የተሰመሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። ከ1965 ጀምሮ የግዛቲቱ ዓሣ ተብሎ በሕግ ተሰይሟል። ይህ ዓሣ በአንድ ወቅት ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ጨርሳ ከለከለች፤ እስከ 1990 ድረስ ማንም አልነካውም። ዓሣውም ተመልሶ በዛ።

አሁን እንደገና ያሰጋል። ግዛቲቱ ከ1954 ጀምሮ በየዓመቱ ጫጩቶቹን በመረብ እያወጣች ትቆጥራለች። የረጅም ዘመኑ አማካይ 11 ገደማ ሲሆን፣ በ2023 ቁጥሩ 1፣ በ2024 ደግሞ 2 ብቻ ሆነ። ስለዚህ በወቅቱ አንድ ሰው በቀን ይዞ እንዲሄድ የሚፈቀድለት አንድ ዓሣ ነው። እሱም ቁመቱ ከ48 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፣ ከ61 ያልበለጠ መሆን አለበት። ትንሹ ገና ያላደገ ስለሆነ ይለቀቃል። ትልቁ ደግሞ ብዙ ዕንቁላል የሚጥለው እሱ ስለሆነ ይለቀቃል። ለልጆቹ «አያቶቹን ነው የማረው ሕጉ» አልኳቸውና ሳቁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የትንሹ የልጅ ልጄ ዘንግ ተለመጠ። አባቱ ከኋላው ይዞት፣ እሱ እየጮኸ፣ እኔም እየጮኽኩ፣ ከብዙ ትግል በኋላ ዓሣው ወጣ። እህቱ በመለኪያው ላይ አስተኛችው። 63 ሳንቲ ሜትር። ዝም ተባለ። በዙሪያችን አንድም ጀልባ አልነበረም፤ ተቆጣጣሪ የለም፣ የሚያይ የለም። አባትየው እጁን በውሃ አርሶ መንጠቆውን ነቀለ፣ ዓሣውን ውሃ ውስጥ ይዞ ትንሽ አንቀሳቀሰውና ለቀቀው። ልጁ እንባው መጣ። «ማንም አላየንም እኮ!» አለ። አባቱም «አንተ አይተሃል» አለው።

እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ግብረ ገብን በዚያች አጭር መልስ ልክ አላስተማርኩም።

መንጠቆውም ቢሆን ክብ ሆኖ የተሠራ ነው። ዓሣው ቢውጠውም ሆዱ ውስጥ ሳይሆን ከንፈሩ ጥግ ላይ ስለሚይዝ የተለቀቀው ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ሙቀት በሚበረታበት ቀን ደግሞ የተለቀቀ ዓሣ ብዙ ጊዜ ስለሚሞት፣ ግዛቲቱ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ባንዲራ ምልክት ታስጠነቅቃለች። በቀይ ቀን ሮክፊሽን መተው ይመከራል።

ያለ ቁጥር ገደብ እንዲጠመድ የሚፈለግ ዓሣም አለ። ብሉ ካትፊሽ የሚሉት የአምባዛ ዘመድ ነው። በ1970ዎቹ በቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ ለመዝናኛ አጥማጆች ተብሎ ተለቀቀ፤ ከዚያ ተባዝቶ የአካባቢውን ዓሣና ሸርጣን ይበላል። ባለሥልጣናቱ «አጥምዱት፣ ብሉት» ይላሉ። እኔ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ ስለማልበላ፣ እሱ ሲያዝ ለጎረቤት ይላካል። የተፈቀደችው አንዲት ሮክፊሽ ስትገኝ ግን በአዋዜ ተለብልባ ለስድስት ሰው ትበቃለች። ከገበያ እንደመጣ ዓሣ ማንም ፍርፋሪ አይተውላትም።

ለእኛ ለአገር ቤቶቹ

ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን። በበዓልና በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጆቻችንን ይዘን ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ፣ ባሕር ዳር እንሄዳለን፤ ጀልባም እንከራያለን። የጣና ገዳማትን ለመሳለም የሚሻገሩ አያቶችም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

ለልጁ በልኩ የሆነ ጃኬት አለ? የአዋቂ ጃኬት ለልጅ አይሆንም። ካለ፣ ማሰሪያው ይቆለፋል ወይስ ተበጥሷል? ጃኬቱ የተቀመጠው እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው ወይስ ወንበር ሥር ተቆልፎ? ጀልባው ስንት ሰው ነው የሚችለው፣ አሁንስ ስንት ሰው ተሳፍሯል? ነጂው ጠጥቷል? ሰማዩ እንዴት ነው?

ስትጠይቁ ነጂው «እናቴ፣ አይፍሩ፣ ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ» ይላችሁ ይሆናል። ልምዱን አክብሩለት፤ ጃኬቱን ግን አትተዉት። አንድ ብቻ ካለም ለልጁ ይሁን። ከልጆች ጋር ስትሆኑ ደግሞ መጀመሪያ እናንተ ልበሱ፤ አያት የለበሰችውን ልጅ እምቢ አይልም። ለልጅ የሚሆን ጃኬት ጭራሽ ከሌለ፣ ሐይቁ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ መብላትም መዝናናት ነው። ጀልባው ለሌላ ቀን ይደርሳል።