ጎማችሁ በሬዲዮ ያወራል

የምኖረው ብሩክሄቨን፣ ቡፎርድ ሀይዌይ አጠገብ ነው። ርካሽ የዩኤስቢ ሬዲዮ መቀበያ ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ፣ አርቲኤል 433 የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በ315 ሜጋኸርዝ ስከፍት፣ ከሚያልፉት መኪኖች የብዙዎቹ ጎማዎች ንፋሳቸው ስንት እንደሆነ ይነግሩኛል።

ጎማው ውስጥ፣ ቫልቩ ሥር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሴንሰር አለ። ግፊቱን ለክቶ ከራሱ መለያ ቁጥር ጋር ይልካል። ንፋሱ ከታዘዘው በ25 በመቶ ሲወርድ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል። አሜሪካ ይህን ለአዳዲስ ቀላል መኪኖች በሙሉ ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ያለ ሴንሰር የሚሠራም አለ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ስለሚተኛ ከሌሎቹ ይበልጥ ይሽከረከራል፣ ኤቢኤሱ ይህን ይቆጥራል። ብልህ ዘዴ ነው፤ አራቱም እኩል ሲቀንሱ ግን ይሸወዳል።

እኔን የሚያሳስበኝ መለያ ቁጥሩ ነው። አይቀየርም፣ አልተመሰጠረም። እ.ኤ.አ. በ2010 የራትገርስና የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ 40 ሜትር ርቀት ድረስ አንብበውታል፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያም ልከው ተሳክቶላቸዋል። ታርጋዬን ሳያይ ከቤት መቼ እንደምወጣ መመዝገብ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ መቀበያ ይበቃዋል።

ከአሜሪካ የመጣ መኪና አዲስ አበባ ላይ የምትነዱ ደግሞ ልብ በሉ፦ የአሜሪካው ብዙውን ጊዜ 315፣ የአውሮፓው 433 ሜጋኸርዝ ነው። ጎሚስታው የማይገጥመውን ካሰረላችሁ መኪናው አይሰማውም፤ መብራቱም አይጠፋም።